ቀይ የጥፍር ቀለም

«ቀይ ከቀይ ጋር! ይህን ለማወቅ ደግሞ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል?»

ቃታ የሱቁ በር ላይ ተገትሯል። በአንድ እጁ የአባታቸውን አሮጌ ጠመንጃ፣ በሌላው ክዳኑ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይዟል። ቆርቆሮውን ነቀነቀው። ውስጡ ያሉት ጥይቶች ተንሿሹ።

«አስቀምጠው» አለች እህቱ።

«ምክንያት ስጪኝና ላስቀምጠው።»

ምክንያት አልነበራትም። ያላት ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ ለቃታ ምክንያት ሆኖት አያውቅም። ጠመንጃው ከመዝጊያው ኋላ፣ ብረቱ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አለችው። ቆርቆሮውም ላይ እንዲሁ። ሁለቱም የአባታቸው እጅ ናቸው፤ ሁለቱም በዚያው በቀይ የጥፍር ቀለም የተነጠቡ።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት» አለ ቃታ። «ሰው ሁሉ ባለበት፣ በገዛ ጠመንጃው፣ ሦስት ጥይት። አባቴን እንደ ማንም ሰው በዝምታ አልሸኘውም።»

ቃታና ሰደፍ አባታቸው ያወጣላቸው ስሞች ናቸው። አባታቸው ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ወንዱ ገና በልጅነቱ ጫፉን ሲነኩት ስለሚፈነዳ ቃታ አለው። ሴቷን፣ ነገር ስለምትችልና ትከሻ ላይ እንደሚያርፈው እንጨት ስለምትረጋ፣ ሰደፍ አላት። መዝገብ ላይ ያለውን ስማቸውን ከአክስታቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ቃታ አድጎ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ያወራል፣ ይሄዳል። ሰደፍ እዚያው ቀረች። አናጢ ናት። የተሰነጠቀ ሰደፍ የምትጠግነው፣ አዲስ የምትጠርበው፣ በዘይት አሽታ መልክ የምታወጣለት እሷ ናት። አባቷ ሥራውን ያካፈላት በአንድ አፍ ነው፤ «እንጨቱ ያንቺ፣ ብረቱ የኔ።» ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲሠሩ ያቺን ድንበር አንድ ቀን አላሻገራትም።

ከዚያ ሞተ። አንድ ቀን እንኳ አልጋ ላይ ሳይውል፣ ጠዋት ሞረድ እንደያዘ፣ ልቡ ቀጥ አለ። ትናንት ተቀበረ። ብረቱን ለማን እንደተወው የነገረው ሰው የለም።

«ስማኝ» አለች ሰደፍ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ግቢው ለቅሶ ደራሽ ሞልቶታል። «እነዚህ ጥይቶች አዲሶች ናቸው። ፈጣኖቹ ናቸው። መዳብ ተቀብተው ሲያብረቀርቁ አታይም? ይሄ ጠመንጃ ደግሞ የአያታችን ነው። አያታችን እንኳ ከሌላ ሰው ነው የገዙት።»

«ታዲያስ? አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ጎማ አይገባም?»

«ገብቶ ቢፈነዳስ?»

«አዲስ ጎማ አይፈነዳም። የሚፈነዳው አሮጌው ነው።»

«እኮ! እኔስ ምን አልኩህ?»

ለአንድ አፍታ የያዘችው መሰላት። እሱ ግን ጠመንጃውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አፈሙዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ሄደበት።

«እዚህ ላይ ጽሑፍ ነበር» አለ። «የትኛዋን ጥይት እንደሚበላ ፋብሪካው ራሱ ጽፎበት ነበር። አንብበን እንገላገል ነበር። ለምን እንደሌለ ልንገርሽ?»

ሰደፍ ዓይኗን ከጠመንጃው ላይ አነሳች። ቃታም ቆርቆሮውን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።

ጽሑፉ የጠፋ ቀን ሰደፍ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ለዕቃ ግዢ ሄዶ ውሎ ሲመጣ ላስደስተው ብላ፣ ዝገት የነካውን የአያቷን ጠመንጃ አውርዳ በብርጭቆ ወረቀት ስታሽ ዋለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብረቱ ፊቷን ያሳያት ነበር። አባቷ መጣ። አውራ ጣቱን ጽሑፉ ከነበረበት ቦታ ላይ አሳረፈና ወዲያ ወዲህ አመላለሰው፤ ማየት የተሳነው ሰው የሚያውቀውን ፊት እንደሚዳብስ። አልመታትም፣ አልጮኸባትም። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። «እንጨቱ ያንቺ፣ ብረቱ የኔ» ያለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ የእናታቸውን መሳቢያ ከፍቶ የጥፍር ቀለሟን አወጣና ሌሎቹ ጠመንጃዎች ላይ የሚያደርጋትን ነጥብ ይሄኛውም ላይ አኖረ። ጽሑፍ ስለነበረው እስከዚያ ቀን ነጥብ አላስፈለገውም ነበር።

ለምን የጥፍር ቀለም? ዘይትም ባሩድም አያነሳውም። ጥይቶቹን የሚገዛቸው በወረቀት ሳጥን ነው፤ የሱቁ እርጥበት ሳጥኑን ስለሚያበሰብሰው ወደ ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይገለብጣቸዋል። አንዳንዱ ቆርቆሮ ላይ ቀይ ነጥብ ያኖራል፣ አንዳንዱን ባዶውን ይተወዋል። ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር።

ያ ጭንቅላት አሁን አፈር ገብቷል። በሰደፍ ላይ ከሐዘኑ በፊት የመጣው ንዴት ነው። አንድ መስመር ብትጽፍ ምን ነበረበት፣ አባዬ? አንድ መስመር!

ግቢው ውስጥ የተከራዩት የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። መሃል ላይ አንድ ያረጀ የመኪና ጎማ ተጋድሟል፤ እንግዶች የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል። በግቢው ጫፍ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ተነባብረዋል፤ አባታቸው የጠገነውን ጠመንጃ የሚሞክረው ወደዚያ እየተኮሰ ነበር። ከሱቁ የኋላ በር አጠገብ ሰደፍ የሠራችለት ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። ማንም አልተቀመጠበትም።

ሰደፍ ፔርሙስ ይዛ ሻይ እየቀዳች ዞረች። ሰው ሐዘንተኛ ሻይ ሲቀዳለት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ወሬውን አያቆምም።

«ነፍሱን ይማረውና ያስቸግር ነበር» ይላል የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ለጎረቤቱ። «ከአማቴ የደረሰችኝ ትንሽ ጠመንጃ አለች፣ መጋዘኔን ከአይጥ የምጠብቅባት። ሦስት ጊዜ መጣሁ። ፈጣኗን ጥይት ስጠኝ እለዋለሁ። አይሆንም። ለምን? አይሆንም ብያለሁ። በቃ! ይህችው ናት መልሱ።»

«እኔ ደግሞ የጥፍር ቀለም ሲገዛ አይቼዋለሁ» አለች አጠገቡ ያለችው። «ሚስቱ ከሞተች በኋላ! ያውም ቀይ!»

«ለማን ይሆን?»

«እንጃ። ባለ ሱቋ እኮ ‹ጋሼ፣ ለእጅዎ ነው ለእግርዎ?› ብላ ጠይቃዋለች።»

ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት። አክስታቸው ከወዲያ ጥግ በዓይናቸው ገረፏቸው።

ቃታ ደግሞ ሌላ ጉባኤ ሰብስቧል። ስለ አባታቸው ቀኝ ዓይን እያወራ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ በግራው በኩል መቅረብ ለመደ፤ በቀኝ የመጣ ሰው ያስደነግጠዋል። ሰደፍ ሌላ ሰው ጋ እንኳ ስትቆም ሳታስበው በግራ ትቆማለች።

«ሽፍታ ነው» ይላል ቃታ። «ብቻውን መንገድ ላይ አግኝተውት። ዓይኑን ሰጣቸው፣ ጠመንጃውን ግን አልሰጣቸውም።»

«የምን ሽፍታ?» አክስታቸው አላስጨረሱትም። «የብረት መሳያው ድንጋይ ብልጭታ ነው ዓይኑን የወሰደው። ያስታመምኩት እኔ!»

«እትዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት የነገሩዎትን ነው።»

«አንተስ የት ሆነህ አየኸው? ያን ጊዜ ሱሪህን በቅጡ የማትታጠቅ!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ከአባታቸው ባዶ ወንበር አጠገብ የተቀመጡት ልብስ ሰፊ ብርጭቋቸውን ግማሽ አድርሰው ጎማው ላይ አስቀመጡና ተነሱ። ሱቃቸው ከአባቷ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሰደፍ ልብ ብላለች፤ ትናንትም የዓይኑ ወሬ ሲነሳ እንዲሁ ተነስተው ሄደዋል።

በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ የአባቴን ቆርቆሮዎች ያውቋቸዋል?»

«እኔ የማውቀው ክርና መርፌ ነው፣ ልጄ።»

«ሠላሳ ዓመት ከሱ ጋር ተቀምጠው?»

«ስለ ጥይት አናወራም ነበር።»

«ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ ተቀምጦ ስለ ጥይት ካልተወራ ስለ ምን ይወራል?»

«ስለ ጉልበታችን» አሉ። «የሱ ግራው፣ የኔ ሁለቱም።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ ክንዷን ያዙ። «ወንድምሽ በዚያ ጠመንጃ እንዳይተኩስ።»

«ለምን?»

«እንዳይተኩስ ብያለሁ።»

«እናንተ ሰዎች!» አለች፣ የለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታ። «ሁለታችሁም፣ እርስዎም አባዬም! እንዳይሆን፣ እንዳይደረግ! ምክንያቱን አፋችሁ ላይ ማን ሰፋባችሁ?»

ልብስ ሰፊው ክንዷን ለቀቁ። ራሳቸውን ደፍተው ሄዱ።

በማግስቱ፣ የለቅሶው ሦስተኛና የመጨረሻ ቀን፣ ሰደፍ ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ሱቁን ከፈተች። ባለቤቶቻቸውን የሚጠብቁ ሰባት ጠመንጃዎች መደርደሪያው ላይ አሉ። ሰባቱንም በእንጨታቸው ታውቃቸዋለች። ይሄኛው ሰደፉ ለሁለት ተሰንጥቆ የመጣው ነው፣ ያኛው ምስጥ የበላው። አንድ በአንድ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሁሉም የትንሿ ጥይት ጠመንጃዎች ናቸው፤ መምቻ መርፌው የጥይቷን መሃል ሳይሆን ጠርዟን የሚመታባቸው።

አምስቱ ነጥብ አላቸው። ሁለቱ የላቸውም።

አምስቱ አሮጌዎች ናቸው። ብረታቸው ስስ፣ መዝጊያቸው ሲነኩት የሚላወስ። ነጥብ የሌላቸው ሁለቱ ግን አዳዲሶች ናቸው፤ ወፍራም፣ ድርቅ ያሉ፣ የሰጧቸውን ሁሉ የሚበሉ። ባለ ነጥቡ ቆርቆሮ የያዘው ደግሞ አዲሱን ፈጣን ጥይት ነው።

ቁጭ አለች። ነጥቧ «ከዚህ አብላው» ማለት ብትሆን ኖሮ ቦታዋ አዲሶቹ ላይ ነበር።

ዓይኗ ወደ መደርደሪያው ጥግ ሄደ። ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙሶች አሉ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ዝገት የሚበላ አሲድ። አሲዱ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ትንሽ ሆና ሳለች «አባዬ፣ ውሃው ላይ ለምን አታደርግም?» ብላው ነበር። ረጅም መልስ ከሰጣት ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። «ውሃ ላይ ማን ይጽፋል? ምልክት የሚደረገው የሚጎዳው ላይ ነው። ደህናው ምን ምልክት ያሻዋል?»

ነጥቧ «አይሆንም» ማለት ናት። ሌላ ምንም አይደለችም። አባቷ ሲናገርም የሚለው እሱኑ ነበር፣ ሲጽፍም የጻፈው እሱኑ ነው። ቀይ ያለበት ጠመንጃ ቀይ ያለበትን ቆርቆሮ እንዳይነካ!

ቃታ ጓሮ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘችው። ጠርሙሶቹንም፣ ሰባቱንም ጠመንጃዎች፣ ሁሉንም እየተንተባተበች ነገረችው።

«ጨረስሽ?» አለ።

«ጨረስኩ።»

«ይሄ ግምት ነው።»

«ግምት አይደለም!»

«የጠርሙስ ወሬ አምጥተሽ በሰው ፊት ቃሌን አጥፍ ትይኛለሽ? ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ።» ብሩሹን ወረወረው። «እዚህ ቀርተሽ አንቺ ነሽ የጦርሽው፣ ይሁን። እኔ መሪ ላይ ሆኜ ነው መሞቱን የሰማሁት። ሃምሳ ሰው ጭኜ። ዳር ይዤ እንኳ ማልቀስ አልቻልኩም። አንድ ነገር ላድርግለት፣ አንድ ነገር! እሱንም አንቺ ልትከለክዪኝ?»

ወደ አክስቷ ሄደች።

«ተዪው፣ ይውጣለት» አሉ አክስቷ። «ወንድ ልጅ ሐዘኑ ካልወጣለት ይታመማል።»

«እትዬ፣ ዓይኑን ቢያጣስ?»

«አንቺ እንጨት ነው የምታውቂው፣ የኔ ልጅ። ብረቱን ለእሱ ተዪለት።»

እንጨት ነው የምታውቂው። ሰደፍ ይህን ቃል ይዛ ወደ ሱቁ ተመለሰች። የአያቷ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ ለዘጠኝ ሰዓት ተወልውሎ ተጋድሟል። ሰደፉን ከስድስት ዓመት በፊት ራሷ ነች የጠረበችው፤ አባቷ ጉንጩን አሳርፎበት «ጥሩ ነው» ብሏት ነበር። ለእሱ ይህ ንግግር ማድረግ ነው። መፍቻውን አነሳች። ሁለት ቡሎን ናቸው። ፈታቻቸው። ብረቱን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ተወችና እንጨቱን ብቻ በብብቷ ይዛ ወጣች። ግቢው መሃል አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሰደፉን ጭኗ ላይ አጋድማ እንደ ሕፃን ታቀፈችው።

ቃታ የቀረውን ቱቦና መዝጊያ ይዞ ከሱቁ ሲወጣ ሰው ሁሉ ዞረ። ቧንቧ ሠራተኛ መስሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«ብረቱ ያንተ» አለች። «እንጨቱ የኔ።»

«ስጪኝ!»

«አልሰጥም።»

«በሰው ፊት አታዋርጂኝ!»

«ምክንያት ስጠኝና ልስጥህ» አለችው። እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁንም ያለቀሰችው ከንዴት ነው። «ሁለት ቀን ሙሉ ስለፈልፍ አንድ ሰው ይሰማኛል? አንድ? እሱ ሳይነግረኝ ሄደ፣ አንተ አትሰማ፣ እሳቸው አይናገሩ!» ጣቷን ወደ ልብስ ሰፊው ቀሰረች። እሳቸውም እንደ ወትሮው ከባዶው ወንበር አጠገብ ተቀምጠዋል። «ነጥቧ አይሆንም ማለት ናት፣ አይደለም? ጋሼ! አይደለም?»

ልብስ ሰፊው ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ብድግ ብለው በበሩ ወጡ። ሰደፍ እንደገና ሸሹ ብላ ፊቷን አዞረች።

ግን ተመለሱ። የአዝራር ሳጥናቸውን ይዘው ነበር። ጎማው ላይ አስቀምጠው ከፈቱት፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ የቀንድ አዝራር። ከሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡና ፈትተው ለቃታ መዳፉ ላይ ጣሉለት።

የተተኮሰች ትንሽ ቀለሃ ናት። ጠርዟ በአንድ ጎን ተቀድዶ እንደ ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጧል።

«ሽፍታ አይደለም» አሉ። «ድንጋይም አይደለም። ይህች ናት።»

አክስታቸው «ወይ ጉድ» አሉ።

«እኔ ነኝ ያመጣሁለት» አሉ ልብስ ሰፊው። «ለጨርቅ ሄጄ ሱቅ ላይ አየኋት። አዲስ መጣ፣ ፈጣን ነው፣ ሩቅ ይመታል አሉኝ። ጓደኛዬን ላስደስተው አልኩ። እሱ አገላብጦ አያት። ይህች ጥይት ለዚህች ለአባቴ ጠመንጃ ትከብዳለች አለ። ጠመንጃዋ የተሠራችው ለደካማ ባሩድ ነው፣ መዝጊያዋም ተበልቶ የፀጉር ያህል ተከፍቷል አለኝ። እኔ ሳቅሁበት።» አዝራሮቹን በጣታቸው እያማሰሉ ነበር። «ፈራህ እንዴ፣ አልኩት። ገባች አይደል? ልኳ ከሆነች ምን ቸገረህ፣ አልኩት። ጥይት ገባች ማለት ተስማማች ማለት የመሰለኝ እኔ ነኝ። እሱ ያውቅ ነበር። ሲስቁበት ግን አይወድም ነበር፣ ወጣት ነበር። አንዷን ተኮሰ። ጠርዟ ስስ ናት፤ መዝጊያው ካልደገፋት ትቀደዳለች። እሳቱ በኋላ ወጥቶ ዓይኑ ላይ...»

ሳጥኑን ከደኑት።

«ለምን አልተናገረም?» አለ ቃታ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

«ገና ደም እየፈሰሰው ክንዴን ያዘኝ። የመሳያው ድንጋይ ነው በል አለኝ። ‹እውነቱን ካልኩ ሰው ዓይኑን አንተ አጠፋህ ይልሃል፣ ሚስትህም ከዚህ ሰፈር ትነቅልሃለች› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም። ሰው ለምን እያለ ሲጨቃጨቀው እኔ ግድግዳውን አልፎ እሰማለሁ። አይሆንም ብያለሁ ይላል። ምክንያቱን ቢናገር ምክንያቱ እኔ ነኛ።»

ሥጋ ሻጩ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

ቃታ ቀለሃዋን አገላበጣት። ብዙ ጊዜ አገላበጣት። «አሥራ አምስት ዓመት» አለ በመጨረሻ፣ «አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሽፍታ እያልኩ ሳወራ...» ቱቦውን ለእህቱ ዘረጋላት። «በቃ ይቅር። አይተኮስም።»

ሰደፍ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ፊቱን አየችው። ጠዋት «ዳር ይዤ እንኳ ማልቀስ አልቻልኩም» ያለው ትዝ አላት።

«ይተኮሳል» አለች። «እሱ ሲተኩስባት አልነበረም? ጋሼ፣ በምን ነበር የሚተኩስባት?»

«መዝጊያውን በኋላ ራሱ አጠበበው። ብረቱ ግን ያው ነው ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ አጭሯን፣ ግራጫዋን፣ ዘገምተኛዋን ብቻ።»

የአባቷ የሥራ ኮት ኪስ ውስጥ፣ ምንም ነጥብ የሌለባት የጉሮሮ ከረሜላ ቆርቆሮ ነበረች። ሰደፍ ትናንት አግኝታት ከረሜላ ብላ ትታት ነበር። አሁን ከፈተቻት። አምስት ጥይት። አጫጭር፣ ግራጫ እርሳስ፣ መዳብ ያልተቀቡ። አንዷን ከባለ ቀይ ነጥቡ ቆርቆሮ ጥይት ጎን አቆመቻት፤ አባትና ልጅ ይመስላሉ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህቺው ናት።»

ሰደፉን መልሳ አጠበቀች። አፈሙዙን ወደ ሰማዩ አዙራ ውስጡን አየች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነው። መዝጊያውን ከፈተች ዘጋች፣ አልተላወሰም። ቃታ ጠመንጃውን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ራሷን ነቀነቀች።

«የመጀመሪያዋ በገመድ ናት። ረሳኸው?»

አልረሳውም። ከዚህ ሱቅ የሚወጣ ጠመንጃ ሁሉ የመጀመሪያዋን ጥይት የሚተኩሰው ጎማ ላይ ታስሮ፣ ቃታው በገመድ ተስቦ እንጂ በሰው ትከሻ አልነበረም። ብርጭቆዎቹን አነሱ። ጠመንጃውን ጎማው ላይ አጋድመው አፈሙዙን ወደ አሸዋው ጆንያ አዙረው በጠፍር አሰሩት። ሰው ሁሉ ከግድግዳው ኋላ ሆነ። ደረቱን ነፍቶ ሦስት ጥይት ሊተኩስ የነበረው ቃታ፣ የሱቁ በር ሥር ተንበርክኮ የገመድ ጫፍ ያዘ።

«ይሄው አባዬ» አለ፤ ገመዱን ሳበ።

ደረቅ ጭራሮ እንደ ተሰበረ ያህል ነበር። ከጎረቤት አንድ ውሻ እንኳ አልጮኸም።

«በቃ? ይህቺው ናት?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ይህቺው ናት» አለ ቃታ። ከተንበረከከበት አልተነሳም። ግንባሩን የበሩ መቃን ላይ አስደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አክስታቸው መጥተው ራሱን ያዙለት።

ሥጋ ሻጩ ወደ ሰደፍ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔዋስ... የአማቴዋ... ነጥብ አላት እንዴ?»

«ነገ ይዘዋት ይምጡ» አለች። «እስከዚያ በምንም እንዳይተኩሱባት።»

«ለምን?»

«እነግርዎታለሁ። ሲመጡ ሁሉንም እነግርዎታለሁ።»

ጎማው አጠገብ ተንበርክካ መዝጊያውን ከፈተች። ቀለሃዋ ሙቅ ናት። አባቷ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሲያደርግ እንዳየችው፣ የአውራ ጣቷን ጥፍር ጠርዟ ላይ አሳርፋ ዙሪያዋን ሄደችበት። አላበጠችም፣ አልተሰነጠቀችም። አንድ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር። ልስልስ ናት።

ተነሳች። ከሱቁ በር አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበር ሄደች። በቀኙ በኩል ደርሳ ነበር፤ እንደ ልማዷ ከኋላው ዞረችና በግራው፣ ደህናው ዓይን በነበረበት በኩል ቆመች። ጎንበስ ብላ ቀለሃዋ ያለችበትን መዳፏን ዘረጋች፤ አባቷ እንዲያይላት።

ቀለሃዋ እስክትቀዘቅዝ ድረስ እጇን አላጠፈችም።